የመንገዱም የጣሪያውም ውሃ ግቢ ውስጥ ይተኛል፤ በየት ላስወጣው?

የግቢዋ ባለቤት

ሰላም ለሁላችሁም። ከሰኔ በፊት መጨረስ ያለበት ሥራ ስለሆነ የምታውቁትን ንገሩኝ።

ቦታው አዲስ አበባ፣ ሰሚት አካባቢ ነው። ግቢው 250 ካሬ ሲሆን የፊቱ ስፋት 12.5 ሜትር፣ ወደ ውስጥ 20 ሜትር ነው። ቤቱ ባለ አንድ ወለል ቪላ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ስፋቱ 130 ካሬ ሜትር ግድም። አፈሩ ጥቁር ነው፤ በበጋ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ያወጣል።

የውጩ መንገድ ኮብልስቶን ሲነጠፍ ከፍ ተደርጎ ስለተሠራ አሁን ከበሩ ውስጥ ካለው መሬት በ20 ሴንቲ ሜትር ይበልጣል። ከበሩ እስከ በረንዳው 8 ሜትር ነው፤ መሬቱ የሚያዘነብለው ወደ ቤቱ ነው። ዝናብ ሲጥል የመንገዱ ውሃ በበሩ ሥር ይገባና በረንዳው ፊት ይጠራቀማል፤ ሁለት ቀን ሳይደርቅ ይቆያል። ጣሪያው አሸንዳ አለው፣ መውረጃው ግን አንድ ብቻ ነው፤ ዝናቡ ሲበረታ አሸንዳው ሞልቶ በግድግዳው ላይ ይፈሳል። የሳሎኑ ግድግዳ ከወለሉ እስከ 40 ሴንቲ ሜትር ድረስ ቀለሙ ተነሥቷል። የመጸዳጃ ጉድጓዱም በጋውን ደህና ከርሞ በነሐሴ ይሞላል።

ከአጥሩ ውጭ በእኛ በኩል የመንገድ ዳር ቦይ አለ። ወለሉ ከመንገዱ ፊት 70 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ይላል።

ያነጋገርኳቸው ሦስት ግንበኞች ሦስት ነገር ነገሩኝ። አንዱ በረንዳው ፊት 3 ሜትር ጉድጓድ ቆፍረን ድንጋይ እንሙላበት፣ ውሃው እዚያ ይሥረግ አለ። ሁለተኛው ቀዳዳ ያለው ቱቦ በቤቱ ዙሪያ በጠጠር ውስጥ እንቅበር ይላል። ሦስተኛው ደግሞ ግቢውን በሙሉ 40 ሴንቲ ሜትር በገረጋንቲ (በጠጠራማ የሙሌት አፈር) እንሙላው ነው የሚለው። የቤቱ ወለል አሁን ካለው መሬት በ35 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው ከፍ የሚለው። ገንዘቤ የሚበቃው ለአንዱ ነው፤ የትኛውን ልሥራ?

ፎርማን

እህቴ፣ ከሦስቱ አንዱንም አትሥሪ። ሦስተኛው ጭራሽ አደጋ ነው፤ በ40 ሴንቲ ሜትር ከሞላሽው ግቢው ከቤቱ ወለል በ5 ሴንቲ ሜትር ይበልጥና ውሃው በበር ይገባል። የግቢ መሬት ከወለሉ ቢያንስ 15 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ማለት አለበት።

ምን እንደሚሠራ ከመወሰኑ በፊት የውሃው መውጫ ከፍታ መታወቅ አለበት። ሥራው ከመውጫው ተነሥቶ ወደ ላይ ይመጣል እንጂ ከበረንዳው ተነሥቶ ወደ ውጭ አይሄድም። ብዙ ግቢ የሚበላሸው ቦዩ ከቤቱ ጀምሮ ተቆፍሮ አጥሩ ጋ ሲደርስ ከውጩ ቦይ በታች ሆኖ ስለሚገኝ ነው። ያኔ ውሃው ከመውጣት ይልቅ ይገባል።

ልኬቱን ራስሽ ማውጣት ትችያለሽ። 15 ሜትር የሚሆን፣ ውስጡ የሚታይ ቀጭን የላስቲክ ቱቦ ግዢና ውሃ ሙይው፤ አየር እንዳይቀርበት ተጠንቀቂ፣ አንድ አረፋ ከቀረ ልኩ ይዋሻል። አንዱን ጫፍ በረንዳው ፊት ዝቅተኛው ቦታ ላይ፣ ሌላውን በሩ ጋ፣ ከዚያ መንገዱ ላይ፣ ከዚያ ቦዩ ውስጥ በቆመ ዘንግ ላይ ያዢ። በሁለቱ ጫፎች ውሃው እኩል ከፍታ ላይ ይቆማል፤ ከውሃው ፊት እስከ መሬቱ ያለውን በሜትር ለክተሽ ልዩነቱን ጻፊ። አራት ቁጥር ያስፈልገናል፦ የበረንዳው ፊት፣ የበሩ ውስጥ፣ መንገዱ፣ የቦዩ ወለል።

የውሃውን መጠን በተመለከተ፣ 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ በ1 ካሬ ሜትር ላይ 1 ሊትር ነው። በሰዓት 60 ሚሊ ሜትር የሚጥል ከባድ ዝናብ ብንወስድ፣ ከጣሪያሽ በደቂቃ 130 ሊትር፣ ከቀረው 120 ካሬ ግቢ ደግሞ 120 ሊትር ይወርዳል። ድምሩ በሰከንድ 4 ሊትር ከትንሽ ነው። ይህን ማውጣት አይከብድም፤ ንጹህ የሆነ 110 ሚሊ ሜትር ፒቪሲ ቱቦ በሜትር 1 ሴንቲ ሜትር ዝቅ እያለ ከሄደ በሰከንድ 6 ሊትር አካባቢ ያሳልፋል። ልክ የሌለው ከመንገድ የሚገባው ውሃ ነው፤ እሱ የአንቺ ግቢ ዝናብ ሳይሆን የሰፈሩ ነው። ያንን በቱቦ እችለዋለሁ ብለሽ አታስቢ። በሩ ላይ ይከልከል።

አፈር ተመልካች

ስለ ጥልቁ ጉድጓድ ልናገር፤ ይህ ምክር በየሰፈሩ ስለሚደገም ብዙ ቤት አበላሽቷል።

እርስዎ የገለጹት አፈር ኮትቻ ነው፣ መረሬም ይሉታል። ከቦሌ ወዲያ ወደ ሰሚት፣ ወደ አቃቂ ቃሊቲ ያለው ሜዳማ ቦታ ብዙው እንዲህ ነው። ይህ አፈር ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል። በሰኔ የመጀመሪያዎቹ ዝናቦች በስንጥቁ በኩል ወደ ታች ስለሚገቡ «ያሠርጋል» ያሰኛል። ሐምሌ ላይ ግን አብጦ ስንጥቁን ይዘጋና ውሃ ማሳለፍ ያቆማል። ያን ጊዜ 3 ሜትር ጉድጓዱ ውሃ ሞልቶ የተቀመጠ ገንዳ ይሆናል። በረንዳው ፊት ከሆነ ደግሞ የመሠረቱን አፈር በአንድ ወገን እያራሰ ያሳብጠዋል፤ ሌላው ወገን ደርቆ ይቀራል። ግድግዳ ከመስኮት ማዕዘን ጀምሮ በሰያፍ የሚሰነጠቀው በዚህ ያልተመጣጠነ እብጠት ነው።

መጠራጠር ከፈለጉ ይሞክሩት። 30 በ30፣ ጥልቀቱ 50 ሴንቲ ሜትር የሆነ ጉድጓድ ቆፍረው ውሃ ሞልተው ያሳድሩት፤ በማግሥቱ እንደገና ሞልተው በአንድ ሰዓት ስንት እንደቀነሰ ይለኩ። የመጀመሪያው ቀን ሙሌት አይቆጠርም፤ እሱ ስንጥቁን የሚሞላ ነው። በሰዓት ከ2 ሴንቲ ሜትር በታች ከቀነሰ ውሃ ማሥረግ የሚባለውን ሐሳብ ይተዉት።

የተበሳ ቱቦውም ቢሆን በዚህ አፈር ብዙ አይጠቅምም። የዚያ ቱቦ ሥራ በአፈር ውስጥ የሚንቀሳቀስ ውሃን መሰብሰብ ነው፤ ኮትቻ ውስጥ ውሃ አይንቀሳቀስም። የእርስዎ ውሃ ደግሞ ከላይ የሚፈስ ነው። ከላይ የሚፈሰውን ከላይ ነው የሚይዙት፤ ክፍት ቦይ፣ በሚነሣ ክዳን። ቢደፈንም ይታያል፣ በአካፋ ይጸዳል።

የግቢዋ ባለቤት

ለክቻለሁ። በረንዳው ፊት ያለውን ዝቅተኛ ቦታ ዜሮ ብለን ብንነሣ፦ በሩ ውስጥ 12 ሴንቲ ሜትር ከፍ ይላል፣ መንገዱ 32 ከፍ ይላል፣ የቦዩ ወለል 38 ዝቅ ይላል። ጉድጓዱንም ሞከርኩት፤ በሰዓት ግማሽ ሴንቲ ሜትር እንኳን አልቀነሰም።

ፎርማን

ጥሩ ቁጥር ነው፣ ይወጣል። እንዲህ አድርጊው።

ግቢውን በሙሉ መሙላት አያስፈልግም። መሬቱ ከበሩ ወደ ቤቱ ማዘንበሉን እንዳለ ተዪው፤ ነገር ግን ውሃው በረንዳው ጋ ሳይደርስ ያዢው። ከበረንዳው 1.5 ሜትር ላይ፣ ከአጥር እስከ አጥር የሚያቋርጥ ቦይ ይሠራ። ከበሩ እስከዚያ ባለው 6.5 ሜትር ውስጥ 12 ሴንቲ ሜትር ዝቅታ አለ፤ በሜትር 1.8 ሴንቲ ሜትር ማለት ነው፣ ለኮብልስቶን በቂ ነው። በቦዩና በበረንዳው መካከል ያለውን ሰቅ ብቻ በረንዳው ጋ 3 ሴንቲ ሜትር ከፍ አድርገሽ ወደ ቦዩ አዘንብዪው። ከወለሉ ያለሽ ርቀት ከ35 ወደ 32 ነው የሚወርደው፤ ምንም አይነካውም።

ቦዩ በስፋቱ 12 ሜትር ይሄድና በዝቅተኛው ጎን አጥር ጥግ ታጥፎ 7 ሜትር ወደ ውጩ ቦይ ይወጣል፤ ድምር 19 ሜትር። ሩቁ ጫፍ ላይ የቦዩ ወለል በ10 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ይጀምር፣ በሜትር 1 ሴንቲ ሜትር እየወረደ 29 ላይ ይደርሳል። የውጩ ቦይ ወለል 38 ስለሆነ 9 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሎ ይገባል። ይህ 9 ሴንቲ ሜትር ወሳኝ ነው፤ ውጩ ቦይ ውስጥ ደለል ሲተኛ መውጫሽ ወዲያው እንዳይቀበር ያደርጋል። የውስጥ ስፋቱን 20 ሴንቲ ሜትር አድርጊው፤ ለውሃው ከበቂ በላይ ነው፣ ከዚያ ከጠበበ ግን አካፋ አይገባበትም።

ለንዛ (የልክ ሲባጎ) ሳይወጠር አንድ ድንጋይ አይቀመጥ። በየ3 ሜትሩ ካስማ ትከሉ፣ በእያንዳንዱ ላይ የቦዩን ወለል በ3 ሴንቲ ሜትር እያወረዳችሁ ምልክት አድርጉ። በዓይን የሚሠራ ቦይ ሁልጊዜ መካከሉ ላይ ይጎደጉዳል፣ እዚያ ውሃ ተኝቶ የወባ ትንኝ ባይሆንም ሌላ ትንኝ ያፈላል፣ ይሸታልም።

ድንጋይ አንጣፊና ብየዳ

ስለ በሩ ደግሞ እኔ ልጨምር። የመንገዱ ውሃ እንዳይገባ በበሩ መስመር ላይ ከመንገዱ ፊት 8 ሴንቲ ሜትር ከፍ ያለ የኮንክሪት ጉብታ ይሠራል። ከጫፉ ወደ ውስጥ 28 ሴንቲ ሜትር መውረድ ስላለበት በ2.5 ሜትር ላይ አዘርጉት፤ በአጭሩ ከተሠራ የትናንሽ መኪኖች ሆድ ይነካል። ወደ ውጭ ያለው መውረጃ ከአጥርሽ መስመር አልፎ መንገዱ ላይ መውጣት የለበትም፤ ጎረቤት ላይ ውሃ ይመልሳል፣ ወረዳውም ያስፈርሰዋል። ቦታ ካጠረ በሩን ወደ ውስጥ መግፋት ወይም ጉብታውን 6 ሴንቲ ሜትር ማድረግ ይሻላል። የበሩ ላሜራም የሚያርፈው በጉብታው ጫፍ ላይ ነው፤ በሩን ከሥሩ መቁረጥ ስለሚያስፈልግ ብየዳውን አብራችሁ አስቡ።

ከጉብታው ግርጌ በበሩ ስፋት 4 ሜትር ሁለተኛ ቦይ ይግባ። በሩ ላይ የሚወርደውንና ጉብታውን ዘሎ የሚገባውን ይይዛል፤ ጫፉ ከጎን ቦዩ ጋር ይገናኛል። ውስጡ 25 ስፋት፣ ጥልቀቱ ከ25 ተነሥቶ 29፣ ወለሉና ግድግዳው 10 ሴንቲ ሜትር ኮንክሪት። ይህ 0.4 ሜትር ኩብ ግድም ኮንክሪት ነው፤ 1 ለ 2 ለ 3 ሲቀላቀል 3 ከረጢት ሲሚንቶ፣ 0.2 ሜትር ኩብ አሸዋና ከ0.3 ትንሽ የሚበልጥ 02 የሚባለው የተፈጨ ጠጠር ይፈጃል። ከሥሩ ያለውን ጥቁር አፈር 30 ሴንቲ ሜትር አውጥታችሁ በገረጋንቲ ተክታችሁ ጠቅጥቁ፤ ካልሆነ በአንድ ክረምት ቦዩን ያነሣውና ፍርግርጉ መንጋጋት ይጀምራል።

ፍርግርጉን በጠፍጣፋ ብረት አሠሪ፤ 40 በ8 ሚሊ ሜትር፣ በጠርዙ ቆሞ፣ 33 ሴንቲ ሜትር ርዝመት፣ በመካከሉ 25 ሚሊ ሜትር ክፍተት። ብረቶቹ የቦዩን አጭር ስፋት ነው የሚሻገሩት። በርዝመቱ ካሰለፏቸው ጎማ ሲያርፍ ይጎብጣሉ። ይህ ለቤት መኪና ከበቂ በላይ ነው። የፍሳሽ ማንሻ መኪና ወይም የውሃ ቦቴ ግቢሽ የሚገባ ከሆነ ግን 50 በ10 ይሁን፤ የእነዚያ ጎማ ክብደት 40 በ8ን ያጥፈዋል። ቁራጩ ከ80 ሴንቲ ሜትር አይርዘም፤ በዚህ ልክ 20 ኪሎ ግድም ስለሚመዝን አንድ ሰው ያነሣዋል። በ4 ሜትር አንድ ወጥ የተበየደ ፍርግርግ ማንም አንሥቶ አያጸዳውም፣ ያልጸዳ ቦይ ደግሞ እንደሌለ ነው የሚቆጠረው። የሚቀመጥበት ክፈፍ 40 በ40 አንግል ሆኖ በየ50 ሴንቲ ሜትሩ 10 ቁጥር ፌሮ ጥፍር ይበየድለት፤ ኮንክሪቱ ሲፈስ ጥፍሩ ውስጥ ይቀበራል። አንግሉን ኮንክሪቱ ከደረቀ በኋላ በቡሎን የሚያስሩት ሰዎች አሉ፤ መኪና ሲያልፍ ጠርዙ ይፈነቀላል።

የክፈፉ የላይ ፊት ከዙሪያው ድንጋይ ከ3 እስከ 5 ሚሊ ሜትር ዝቅ ይበል። እኩል ወይም ከፍ ካለ ውሃው ጠርዙ ላይ ተገድቦ በጎን ያልፋል። ትንሽ ይመስላል፣ ግን ቦዩ ደረቅ ሆኖ ግቢው የሚረጥበው በዚህ ነው።

ቦይ የሚያልፍበትን ኮብልስቶን ስታስነሡና መልሳችሁ ስትነጥፉ ከሥሩ የሚገባው አሸዋ ከ3 እስከ 5 ሴንቲ ሜትር ብቻ ይሁን። ያልተስተካከለውን መሬት በአሸዋ መሙላት የተለመደ ነው፤ 10 ሴንቲ ሜትር አሸዋ ላይ የተቀመጠ ድንጋይ በጎማው መስመር ላይ ይሰጥማል፣ ከዚያ ውሃው ጎማ በሠራው ሰርጥ ነው የሚሄደው።

የቀይ አፈር ነዋሪ

ጥያቄ ልጨምር። ጉለሌ፣ ከእንጦጦ ሥር ያለ ግቢ ነው። አፈሩ ቀይ ነው፣ ቁልቁለት ላይ ነን፣ ከላይ ካለው ጎረቤት በአጥሩ ሥር ውሃ ይመነጫል፤ ዝናብ ካቆመ በኋላም ይቀጥላል። እዚህም የተበሳ ቱቦ አይሠራም?

አፈር ተመልካች

የእርስዎ ሌላ ነው፤ እዚያ ይሠራል። ከቁልቁለት በአፈር ውስጥ የሚመጣ ውሃ ስለሆነ ከቤቱ በላይ ባለው ወገን፣ ከአጥሩ መሠረት ቢያንስ 1 ሜትር ርቀው 40 ሴንቲ ሜትር ስፋት፣ ከ60 እስከ 80 ጥልቀት ያለው ቦይ ያስቆፍሩ። ወደ አጥሩ ከቀረቡ መሠረቱ ይገለጥና አጥሩ ይወድቅብዎታል። ቦዩን ጂኦቴክስታይል ጨርቅ (ውሃ አሳልፎ አፈር የሚያስቀር) ያልብሱት፣ 5 ሴንቲ ሜትር ታጥቦ የተጣራ 02 ጠጠር፣ ከላዩ 110 ቱቦ፣ እንደገና ጠጠር፣ ጨርቁን ከላይ አጥፈው በአፈር ይዝጉት። ቀዳዳዎቹ 8 ሚሊ ሜትር ሆነው ወደ ታች ይዩ እንጂ ወደ ላይ አይሁኑ። ውሃው ከሥር እየሞላ ነው የሚገባው፤ ወደ ላይ ሲሆኑ ደለል ይገባባቸዋል። ያለ ጨርቅ የተቀበረ ቱቦ በቀይ አፈር ቶሎ ይደፈናል። የጣሪያ ውሃ በምንም መልኩ እዚህ ቱቦ ውስጥ አያስገቡ። እሱ ከገባ ቱቦው ውሃ መሰብሰቡ ቀርቶ በቀዳዳው ወደ አፈሩ መልሶ ያጠጣል።

ሳኒተሪ ሠራተኛ

ወደ ሰሚቷ እህታችን ልመለስ፤ ማንም ያልጠቀሰው ነገር አለ። መንገዱ ከበረንዳሽ ፊት 32 ሴንቲ ሜትር ከፍ ይላል። የውጩ ቦይ በደረቁ ቀን 38 ዝቅ ቢልም ሐምሌ ላይ አፉ ድረስ ሲሞላ ውሃው ከግቢሽ በላይ ነው። ፎርማኑ የነገሩሽ ቦይ ያኔ ወደ ኋላ ይፈስሳል። ስለዚህ ሁለት ነገር ያስፈልጋል።

መጀመሪያ የጣሪያውን ውሃ ከግቢው ውሃ ለዪው። የጣሪያ ውሃ ከ3 ሜትር ከፍታ ነው የሚወርደው፤ ያን ከፍታ መሬት ላይ አፍስሰሽ አታባክኚው። መውረጃዎቹን በተዘጋ 110 ቱቦ ሰብስበሽ፣ በአጥሩ ግድግዳ ላይ ከመሬት ከፍ አድርገሽ በማሰሪያ አስረሽ ቀጥታ ወደ ውጩ ቦይ አውጪው። ቦዩ እስከ መንገዱ ቢሞላ እንኳን ውሃው በመውረጃው ውስጥ ከዚያ በላይ ቆሞ ይገፋዋል፣ ስለዚህ ይወጣል። ቅድመ ሁኔታው መጋጠሚያዎቹ ሁሉ በሙጫ የታሸጉ መሆናቸው፣ ከመንገዱ ከፍታ በታችም አንድም ክፍት አፍ አለመኖሩ ነው። መውረጃ ሥር የምትተዪው ክፍት የማጽጃ ጉድጓድ ሁሉንም ነገር ያበላሸዋል፤ ማጽጃው በቡሽ የሚታሸግ ይሁን። ይህን ብቻ ብታደርጊ ከግቢሽ ውሃ ከግማሽ በላይ ተነሣ ማለት ነው።

አሸንዳው የሚሞላው መውረጃ ስላነሰው ነው። ለ60 ካሬ ሜትር ጣሪያ ቢያንስ አንድ 80 ወይም 100 ሚሊ ሜትር መውረጃ ያስፈልጋል፤ አንቺ ሦስት ያሻሻል። አሸንዳውም በሜትር ከ3 እስከ 5 ሚሊ ሜትር ወደ መውረጃው ዝቅ ማለት አለበት። የኋላውን አሸንዳ ወደ ቤቱ ጎን አዘንብለሽ እዚያ አውርጂው፤ ከኋላ ግቢ በመሬት ውስጥ ቱቦ ይዘሽ ከመጣሽ ርዝመቱ 20 ሜትር ስለሚሆን ከፍታው አይበቃሽም።

ሁለተኛው የግቢውን ቦይ መውጫ የሚመለከት ነው። ከአጥሩ ውስጥ አንድ የኮንክሪት ጉድጓድ ይሠራና መውጫው ላይ ወደ ውጭ ብቻ የሚከፈት ክዳን ያለው የማይመልስ ቫልቭ ይግባ፤ 160 ሚሊ ሜትር ይሁን። የውጩ ቦይ ሲሞላ ክዳኑ ይዘጋል፣ የግቢሽ ዝናብ ጉድጓዱ ውስጥ ይጠብቃል። ለ20 ደቂቃ ከባድ ዝናብ 2.4 ሜትር ኩብ ማጠራቀሚያ ይበቃል፤ ውስጡ 1.5 በ1.5፣ ከቦዩ መግቢያ በታች 1.1 ሜትር። ግድግዳው 15 ሴንቲ ሜትር፣ 10 ቁጥር ፌሮ በየ20 ሴንቲ ሜትሩ በሁለቱም አቅጣጫ፤ በብሎኬት እንዳይሠሩት፣ ኮትቻው ሲያብጥ ወደ ውስጥ ይገፋዋል። ከቤቱ ቢያንስ 2 ሜትር ይራቅ። ከመውጫው በታች የቀረውን ውሃ የሚያወጣ ተንሳፋፊ ማብሪያ ያለው የቆሻሻ ውሃ ፓምፕ ከ0.5 እስከ 0.75 ኪሎዋት ይበቃል። የፓምፑ ቱቦ ከመንገዱ በላይ ከፍ ብሎ አጥሩን ይሻገር።

ይህን ጉድጓድ ወዲያው መሥራት ግዴታ አይደለም። ዘንድሮ ክረምት ቦዩ ስንት ጊዜ አፉ ድረስ እንደሚሞላና ስንት ደቂቃ እንደሚቆይ ተመልከቺ፤ ካልሞላ ቫልቩ ብቻ ይበቃል። ለቫልቩ ግን አሁኑኑ 60 በ60 የሆነ ትንሽ ማንሆል ተዪለት። ቀንበጥና ላስቲክ ክዳኑ ሥር ከገባ አይዘጋም፣ በየሳምንቱ መታየት አለበት። ከቫልቩ በፊትም ወለሉ ከመውጫው 20 ሴንቲ ሜትር የጠለቀ የደለል መያዣ አድርጊ።

ስለ መጸዳጃ ጉድጓዱ፦ ክዳኑ ከመሬት እኩል ከሆነ የሚገባው የግቢ ውሃ ነው። አፉን 15 ሴንቲ ሜትር አስነሥተሽ ዙሪያውን ለስኚው። ግድግዳው ድንጋይ ከሆነ ከአፈሩም ይገባል፤ የላዩ ውሃ ሲጠፋ ይቀንሳል። የጣሪያ ውሃ ወደዚያ የሚገባ ቱቦ ካለ ዛሬውኑ ይቆረጥ፣ ደለሉን ቀስቅሶ ወደ ማስረጊያው ይወስደዋል። ፕላስቲክ ታንከር ያላችሁ ሰዎች ደግሞ ነሐሴ ላይ ሙሉ በሙሉ አታስመጡጡት፤ ዙሪያው ውሃ ሆኖ ባዶ ከሆነ ተነሥቶ ይንሳፈፋል፣ ቱቦዎቹን ይሰብራል።

የግቢዋ ባለቤት

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ገንዘቡ ለሁሉም ስለማይበቃ በየት ልጀምር? ግድግዳውንስ አሁን ላስለስነው?

የጣሪያውን ውሃ በሮቶ ባጠራቅምስ?

ፎርማን

የበሩ ጉብታና የጣሪያው መውረጃ ይቅደሙ፤ ሁለቱ ርካሽ ናቸው፣ አብዛኛውንም ውሃ ያስቆማሉ። ቀጥሎ 19 ሜትሩ ቦይ ከቫልቩ ጋር፣ ከዚያ የበሩ ቦይና ፍርግርጉ። ጉብታው በደንብ ከተሠራ ያ አንድ ዓመት ሊቆይ ይችላል።

ሮቶ መልካም ነው፣ ግን ውሃ ማስወገጃ አይደለም። 30 ሚሊ ሜትር ዝናብ ከ130 ካሬ ጣሪያ 3,900 ሊትር ያህል ያወርዳል፤ 5,000 ሊትር ሮቶ በሁለተኛው ዝናብ ይሞላል። ከሮቶው የሚተርፈው ወደ ውጭ የሚሄደው ቱቦ ውስጥ መግባት አለበት፤ የማትረፊያው ቱቦ ከመግቢያው ቱቦ አይቅጠን።

ግድግዳውን አትንኪው። እርጥበቱ ውስጥ እያለ ቢለሰን በዓመቱ ይነሣል። ውሃው ከቆመ በኋላ የተነሣውን ልስን ብቻ አስረግፊና ክረምቱ ሲወጣ ከጥቅምት እስከ ጥር ተዪው፣ ይድረቅ። በዚህ መካከል የቤቱን ዙሪያ 1 ሜትር ስፋት በ10 ሴንቲ ሜትር ኮንክሪት አስለብጪ፤ ከሥሩ 30 ሴንቲ ሜትር ገረጋንቲ፣ ከግድግዳው ወደ ውጭ 3 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ያለ፣ በየ2 ሜትሩ የተቆረጠ። ከግድግዳው ጋር አይጣበቅ፤ 1 ሴንቲ ሜትር ክፍተት ተትቶ በሬንጅ ይሞላ። አፈሩ ከፍና ዝቅ ሲል ንጣፉ ለብቻው ይንቀሳቀስ እንጂ ግድግዳውን ይዞ አይሂድ። በዚያ 1 ሜትር አጠገብ ዛፍ አትትከዪ፣ አበባም ቢሆን በየቀኑ ውሃ የሚፈልግ ከሆነ ራቅ ይበል።

ውጩ ቦይ ግድግዳ ላይ ቀዳዳ ለማውጣት መጀመሪያ ወረዳውን ጠይቂ፤ መንገዱንና ቦዩን የሚያስተዳድረው የከተማው መንገዶች ባለሥልጣን ስለሆነ ያለ ፈቃድ አይሰበርም። የፍሳሽ መስመር በሰፈሩ ካለም የዝናብ ውሃ እዚያ ውስጥ አይገናኝ፤ መስመሩ ሞልቶ በየቤቱ መጸዳጃ ይመለሳል።

ድንጋይ አንጣፊና ብየዳ

ኮንክሪቱ ከፈሰሰ በኋላ 7 ቀን ጠዋትና ማታ ውሃ ይጠጣ፣ በጆንያ ይሸፈን። መኪና ከ2 ሳምንት በፊት በጉብታውም ሆነ በፍርግርጉ ላይ አይለፍ። ሠራተኞቹን ከመሸኘትሽ በፊት ቀሪ ክፍያቸውን ያዢና ከሩቁ ጫፍ በጎማ ውሃ ልቀቂበት፤ ከዘጋሽ በኋላ ከ10 ደቂቃ በላይ ቦዩ ውስጥ የሚተኛ ኩሬ ካለ እዚያ ቦታ ሊሾው ይነሣና እንደገና ይሠራ። ፍርግርጉ ሳይቀለም እንዳይገባ፤ ሁለት እጅ አንቲረስት፣ በተለይ የተበየደበት ቦታ ላይ።